በአርባው ዋዜማ የላጨሁት ጢም

እኔ ሙት ታየኝ፣ ጥላ አለፈብኝ ሲባል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ እዚህ አትላንታ፣ ዶራቪል ውስጥ የወንዶች ፀጉር ቤት ከፍቼ ስኖር ያመንኩት እጄን ብቻ ነው፣ ይህንንም የምነግራችሁ በእውነት ስለሆነ እንጂ ወሬ አምሮኝ አይደለም።

የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ስሙን አልጠራም፣ «ሴት የወንድ ጢም ስትነካ ነውር ነው» እያለ በየሰርጉ አስቆብኛል። ባሌ ታደለ ግን ከእኔ በቀር ለማንም አገጩን ሰጥቶ አያውቅም፣ ከአገጩ ሥር አንዲት ነጭ የጢም ፀጉር ነበረችው፣ እሷ ጋ ስደርስ ይኮረኩረውና ይስቃል። የሞተ ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ልላጨው ብሄድ ወንድምየው በር ላይ ቆሞ «ወንድ አምጥቻለሁ፣ ተመለሽ» አለኝ። ያመጣው ሰው አገጩን ቆረጠው። ባሌ ቆስሎ ተቀበረ።

ወንድምየው ለሐዘኑ እስከ አርባው አልላጭም ብሎ ጢሙን አሳደገ፣ አንድም ሽበት የለውም፣ ይኮራበታል። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፀጉር ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሳለሁ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አርባው እኮ ነገ ነው።»

«ላጪኝ።»

«ሴት መሆኔን ረሱት?»

«ላጪኝ አልኩ እኮ!»

ቶንዶስ ወፍራም ጢም ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይለወጣል፣ ያን ቀን ግን አየር የምላጭ ይመስል አልተለወጠም፣ ስልኬ ላይ የከፈትኩትን ዩቲዩብ ዘግቼ ባዳምጥም ያው ነው። ጉንጩ እንደ ሸክላ ይቀዘቅዛል። በምላጭ ከአገጩ ሥር ስደርስ ሳቀ።

እመኑኝ፣ ጭረት አልነካውም። መስታወቱን ረጅም ጊዜ አየና «እጅሽ ይባረክ» ብሎኝ ወጣ፣ ለሁሉ ሰው የሚጮኸው የበር ደወል ለእሱ አልጮኸም። ፎጣውን ባነሳ አንዲት ነጭ ጢም ተጣብቃበታለች። አጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ስገባ ወንድምየው በር ላይ ቆሟል፣ ጢሙም እንዳለ ነው።

«ትናንት ላጭቼዎት አልነበር?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት ከሊቶኒያ ቤቴ ንቅንቅ አላልኩም! እኔን አንቺ ልትላጪኝ?» አለ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

ፎጣውን ዘረጋሁለት። ነጯን ጢም አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው ወንድሜን የላጨው?» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ!» አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልሳቀብኝም።

ፎጣው አልታጠበም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ያቺ ነጭ ጢም ያኔ ከጥፍሬ አትበልጥም ነበር። ዛሬ ጠዋት ለካኋት፣ ጣቴን አልፋለች።