ከውስጥ የሚቀረቀረው ጋጣ

ውሸት ነው የሚል ካለ ጸሐይወርቅን ይጠይቅ። በሕይወት አለች፤ አብራኝ ነበረች።

ነገሩ የሆነው ካርቱም፣ አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር ነው። ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም።

ጨለማ አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝም እሱ ነው...

መጀመሪያ ግን ቂሜን ልንገራችሁ።

የምሠራላቸው ሴትዮ ሐጃ ሬሕማ ይባላሉ። ልጆቻቸው ወጥተው ብቻቸውን የቀሩ አሮጊት ናቸው። እኔን ለዓመታት የሚያስተኙኝ ጋጣ ውስጥ ነበር።

ከፍየሎች ጋር!

ያን የሚያህል ቤት ባዶውን እያደረ።

ቤቱ የድሮ የእርሻ ቤት ነው። ዙሪያው ሁሉ ማሽላ በነበረበት ዘመን የሐጃ አያት ያሠሩት። ዛሬ ግራ ቀኙ ቪላ ሆኗል። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ወፍራም፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት። ውጭ ስትቃጠሉ ውላችሁ ስትገቡ እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። ጋጣው ከግቢው ማዶ ፊት ለፊቱ ነው። ድንጋዩ ያው ነው፤ ግን ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው፣ ከጣሪያው ሥር ለአየር የተተዉ ቀዳዳዎች ብቻ ያሉት።

"አያቴ መጀመሪያ ጋጣውን ሠሩ፣ ከዚያ ቤቱን" ይሉኝ ነበር ሐጃ። "ቤቱ ባለቀ በዓመቱ ምንጣፋቸውን ይዘው ጋጣ ተመለሱ። እዚያው ሞቱ።"

"ለምን?"

"ላሞቻቸውን ይወዱ ነበር" ይሉኛል።

ራሳቸው ሐጃ ማታ ማታ ግቢው ውስጥ አንገረባቸው ላይ ይተኛሉ። አንገረብ የገመድ አልጋ ነው። የሱዳን ሰው በሙቀት ውጭ ማደር ልማዱ ነውና አልገረመኝም። ቀን ግን የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ሲሰማ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጋጣ ይመጣሉ። በሩን ቀርቅረው፣ ፀሐይዋ እስክትበርድ አጠገቤ ይቀመጣሉ።

እንዳላሸልብ ሊጠብቁኝ ነው እል ነበር። በሆዴ።

ጸሐይወርቅ ያገሬ ልጅ ናት። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ የሚባል ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። በመጣች ቁጥር ትስቅብኛለች።

"እኔ በኤሲ፣ አንቺ በፍየል! ቀንድ አላወጣሽም ገና፣ ብርቅነሽ?"

ያን ቀን ሐጃ ታመሙ። ልጃቸው ጃፋር ኦምዱርማን ሐኪም ዘንድ ሊወስዳቸው መጣ። መኪና ሲገቡ እጄን ጨበጡ።

"አዛን ሲል ጋጣ ግቢ። ቀርቅሪ። እሺ?"

"ኢንሻአላህ" አልኩ። ልቤ ግን እምቢ ብሏል።

ጸሐይወርቅ ስትመጣ "ያላ! ዛሬ እንደ ሰው እንተኛለን" አልኳት።

በእኛ አገር ቀትር ላይ ከቤት አይወጣም። ጋኔኑ ያለው ውጭ ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር። ቤት የገባ ተረፈ። እና አዛኑ ሲሰማ ምንም አልፈራሁም። ትልቁ ቤት ገብተን በሩን ገፋሁና መቀርቀሪያውን በእጄ ፈለግሁ...

የለም።

"በውጭ በኩል ነው" አለች ጸሐይወርቅ።

በሩን ክፍቱን ትተን የክፍሎቹንም አየን። ሁሉም በውጭ። ጠዋት ስጠርግ ከጓዳው በቀር በሮቹ ሁሌ ክፍት ስለሆኑ ልብ ብዬ አላውቅም።

"የጋጣሽስ?"

አሰብኩ።

"ከውስጥ..."

"ከብት ከውስጥ ይቀረቅራል እንዴ?" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም።

እሷ የሐጃ አልጋ ላይ ጋደም አለች። እኔን አንድ ሽታ ሳበኝ። የዝባላ ሽታ። ዝባላ ማለት ከክረምት በፊት የጋጣውን ጣሪያ የምመርግበት፣ በፍየል ፋንድያ የተቦካ ጭቃ ነው። በእጄ ነው የምመርገው። ወሩ ግን ገና ነበር።

ሽታው የሚመጣው ከጓዳው ነው። ሁልጊዜ ተቀርቅሮ የሚኖረው ጓዳ፣ አንድም ቀን ገብቼበት የማላውቀው...

በሩ ገርበብ ብሏል።

አንገቴን አስገባሁ። ድንጋዩ አይታይም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተመርጓል። እርጥብ ነው። የጣት አሻራ በጣት አሻራ።

የግራ እጄን የቀለበት ጣት በልጅነቴ ማጭድ ከግማሹ ወስዶታል።

ግድግዳው ላይ ያለው እጅ ሁሉ... የቀለበት ጣቱ አጭር ነው።

ከጭቃው ውስጥ ድምፅ መጣ። የሐጃ ድምፅ።

"ብርቅነሽ... ደክሞሻል። ነይ፣ እረፊ።"

በጠራ አማርኛ።

ጸሐይወርቅ ከአልጋው ተነሳች። "ተመለሱ እንዴ? አማርኛ ይችላሉ?"

"አንድ ቃል አይችሉም።"

"ታዲያ ማን..."

"ብርቅነሽ..."

አፌ ሊመልስ ሲል ጸሐይወርቅ በመዳፏ አፈነችኝ።

"በቀትር ሲጠሩሽ አቤት አይባልም!" አለች በሹክሹክታ። "እናትሽ አልነገረችሽም?"

የውጭው በር ሲጥጥ ሲል ሰማን። ነፋስ የለም። ቀስ እያለ... እየተዘጋ ነው።

ሮጥን። እግሬን ሰነቀርኩበት፤ ቁርጭምጭሚቴ ተላጠ። ወጥተን ከውጭ ቀረቀርኩትና ጋጣ ገባን። ፍየሎቹ ሁሉ ጥግ ላይ ተጣብቀው በሩን ያያሉ። አንዷም ሜ አላለችም።

ሐጃ ሲመለሱ ቁርጭምጭሚቴን አዩና ገባቸው።

"ለምን አልነገሩኝም?" ጮህኩባቸው።

"ብነግርሽ ትሄጃለሽ። እኔ ደግሞ ብቻዬን ቀርቅሬ መቀመጥ..."

ፊታቸውን ወደ ቤቱ መልሰው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ጀመር።

"ረክሻው በር ላይ ቆሟል፣ ነይ እንሂድ!" አለችኝ ጸሐይወርቅ።

አልሄድኩም። ግትር ነኝ። ደሜ ፈላ እንጂ። ያን ሁሉ ዓመት እኔ ስቆጣ፣ ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጠው ሲፈሩ ኖረዋል። አንድ ቀን እንኳ "ፈራሁ" ሳይሉኝ!

በማግስቱ አዛኑ ሳይደርስ አንገረባቸውን ጎትቼ ጋጣ አስገባሁና ከአልጋዬ ጋር ገጠምኩት።

"ከዛሬ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም እዚህ ነዎት።"

"ከፍየል ጋር?" አሉ።

"ከፍየል ጋር!"

ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተጋደሙ። አዛኑ ጀመረ። ልቀረቅር ዞርኩ።

በሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ እርጥብ የጭቃ እጅ አለ።

የቀለበት ጣቱ አጭር።

እጆቼን አየኋቸው... ደረቅ ናቸው።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉ ሐጃ ከኋላዬ። "ቀርቅሪ።"

ቀረቀርኩት።

ዞር ስል ፍየሎቹ ጥጋቸው ላይ ተጣብቀዋል። እንደ ትናንቱ በሩን አያዩም...

እኔን ነው የሚያዩት።