የዋለ የመጨረሻ ቅኝት

ክራረኛው ዋለ መካነ ሰላም ውስጥ፣ በሃጂ ጀብሪል ሆቴል ፎቅ ላይ፣ ማጅራቱን በብረት ተመትቶ፣ ክራሩን እንዳቀፈ ሞቶ ተገኘ። ምስኪን! ሃያ ዓመት ሙሉ ሕዝቡ ከ«ወግዲ ዳገቷ» ዘፈኑ ሌላ አላዘፈነውም። ሌላ ሲጀምር «እሷን! እሷን!» እያለ ያቋርጠዋል።

ኢንስፔክተር እታገኘሁ ስትደርስ፣ አብራው የምትዘፍነው ፈርሂያ ገዳይ ተብላ እጇ ላይ ካቴና ገብቶባታል። ወደ ደሴ የሚወስዳት መኪና በር ላይ ቆሟል።

«የዋለ ማናጀር አምባቸው ከዋለ ክፍል ወርዶ አጠገቤ ሲቀመጥ ‹ወግዲ ዳገቷ› ከላይ ይሰማ ነበር» አሉ ሃጂ ጀብሪል። «እንዳለቀ ፈርሂያ ገባች፤ ወዲያው ጮኸች። ሌላ የወጣ የወረደ የለም፣ ወላሂ!»

«ክራሩም ይሰማ ነበር?»

«ከነክራሩ!»

እታገኘሁ ወደ ፈርሂያ ዞረች። «አብሽሪ። ለምን ገባሽ?»

«ዛሬ ለምንዘፍንበት ሰርግ እንነሳ ልለው ነው እትዬ። ሞቶ አገኘሁት ብል ማን ያምነኛል?»

እታገኘሁ ለክራር ባዳ አይደለችም። ፎቅ ወጥታ በጓንት እጇ አውታሮቹን አንድ በአንድ ነካካች። ከዚያ ወርዳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበችና በሩን አስዘጋች።

«ፈርሂያ፣ ‹ወግዲ ዳገቷ› በምን ቅኝት ነው?»

«በአምባሰል።»

«የሟቹ ክራር የተቃኘው በባቲ ነው። ቅኝት ለመለወጥ አውታሮቹን እያጠበቁ እያላሉ እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። ዘፈኑ እንዳለቀ ጩኸት ከተሰማ፣ ማን በየትኛው ፋታ ለወጠው? ማንም አልለወጠውም። የሰማችሁት የተቀዳ ድምፅ ነው። ያኔ ዋለ ሞቷል። ሃጂ፣ ከጩኸቱ በኋላ ቀድሞ የገባው ማነው?»

«አምባቸው። ተከትዬው ስገባ ከክፍሉ መስኮት ላይ ስልክ አንስቶ ፖሊስ ጠራ።»

«የማንን ስልክ?»

ሃጂ ጀብሪል ደነገጡ። «የራሱን! ስልክ ከእጁ የማይለይ ሰው፣ እኔ ዘንድ ሲቀመጥ ባዶ እጁን ነበር።»

እታገኘሁ ስልኩን ከአምባቸው ተቀብላ ከፈተችው። መጨረሻ የተጫወተው ባለፈው ሰርግ የተቀዳው «ወግዲ ዳገቷ» ነበር።

«ገደልከውና ቅጂውን ከፍተህ ወረድክ» አለችው። «ዋለ ሲባል ሰው የሚጠብቀው እሷን ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም ብለህ።»

አምባቸው በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሞበታል።

«‹ዛሬ እሷን አልዘፍናትም፣ በባቲ የሠራሁት አዲስ ዘፈን አለኝ› አለኝ» አለ። «የጠሩን ለእሷ ነው! ያለ እሷ ማን ይጠራናል? መውጫ አጣሁ!»

የፈርሂያ እጅ ተፈታ። አልቅሳ ሳትጨርስ ጠየቀችው።

«አዲሷንስ ሰምተሃት ነበር?»

አምባቸው አንገቱን ደፋ።

«አልሰማኋትም።»