ጠዋት የሚፈካው የውሃ አበባ

ኑርሀያት ለእናቷ የውሃ አበባ ፍለጋ ከከተማው ወደ ሐይቁ ዳር የወረደችው በ1975 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር።

እናቷ ፈዲላ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ከዋለች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ሐይቁ ዳር ተወልዳ ያደገች ናትና ከሕመሟ ይልቅ ውሃ አለማየቷ ይከፋት ነበር። ልብስ ሰፊው ባሏ ኑርዬ የሚያደርግላት ቢያጣ ከመስኮቷ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ ውሃ ሞላበት። ፈዲላ አየችውና «አበባ የሌለው ውሃ ምኑን ሐይቅ ሆነ?» ብላ ፈገግ አለች። ከስንት ወር በኋላ ፈገግ ማለቷ ነበር።

ዳርቻው ላይ ኢስሃቅ የሚባል ወጣት ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ጎትቶ ያወጣ ነበር። ኑርሀያት ከሁሉም የሚበልጠውን ነጭ አበባ በጣቷ አሳየችው።

«ወንድሜ፣ ያንን ከነሥሩ ታወጣልኛለህ? ለታመመች እናቴ ነው። ቤት ኩሬ አለን።»

«ኩሬው ስንት ክንድ ነው?»

«ቢበዛ ሦስት። ጥልቀቱ እስከ ጉልበቴ።»

«እንግዲያ ነጩ አይሆንሽም። ቅጠሉ ተዘርግቶ ውሃውን ሁሉ ይሸፍንባታል።» ከዚያ «እናትሽ በመስኮት የምታየው መቼ መቼ ነው?» አላት።

«ጠዋት ጠዋት። ከዙህር በኋላ መድኃኒቱ ያስተኛታል።»

«ነጩ የሚፈካው ሲመሽ ነው። እሷ ስትነቃ እሱ መከደን ይጀምራል። ያ ሰማያዊው ግን ከፀሐይ ጋር ነው የሚከፈተው። አነስ ያለም ነው። እሱን እንምረጥላት።»

ከሐኪሙም ከዘመዱም እናቷ የምትነቃበትን ሰዓት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ኑርሀያት ቀና ብላ አየችው። እሱም አያት። ሁለቱም ቶሎ ዓይናቸውን ወደ ውሃው መለሱ።

በማግስቱ ራሱ መጥቶ ሥሩን ጭቃ በሞላው ሸክላ ተከለው። ጭቃው እንዳይበተን ድንጋይ ጫነበትና ኩሬው ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ በየጁምዓው ከሶላት መልስ «አበባውን ልየው» እያለ ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያው ቅጠል በሰበሰ። ሁለተኛው ያዘ። በመጋቢት ወር አንድ ጠዋት አበባው ሲፈካ ፈዲላ አለቀሰች። ኢስሃቅና ኑርሀያት ግን እርስ በርስ ነበር የሚተያዩት።

ኢስሃቅ ሽማግሌ ላከ። ኑርዬ አልጠላም። ያልተቀበለችው ኑርሀያት ናት።

«እናቴን ማን ያገላብጣታል? ጠብቀኝ፤ ትንሽ ይሻላት» አለችው።

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ።»

«እሺ» አለ። እሺ ያለበት ድምፅ ለብዙ ቀን ከጆሮዋ አልወጣም።

ዓመት ሞላ። የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር በስብሰባ ላይ ሲነበብ የኢስሃቅ ስም ተጠራ። የቀረው አሥር ቀን ነበር። በዚያው ዕለት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አልገባም።

«በቃልሽ አላስርሽም። አንቺ ነፃ ነሽ» አላት።

ከውስጥ የፈዲላ ድምፅ መጣ። «ኑርሀያት! እኔን ምክንያት አታድርጊ። አንድ ዓመት ሙሉ የቀማኋችሁ ይበቃል።»

ኑርሀያት ወደ ኢስሃቅ ዞረች። «ሼሁን ጥራቸው» አለችው። «ከሄድክም ባሌ ሆነህ ሂድ።»

በሦስተኛው ቀን ሼህ ዘይኑልአቢዲን በፈዲላ አልጋ አጠገብ ኒካሁን አሰሩ። የሠርግ ዘፈን አልተዘፈነም። ስምንት ቀን አብረው ኖሩ። በስምንተኛው ጠዋት ወጣቶቹ ጭነት መኪና ላይ ተጫኑ። ኢስሃቅ እጁን አላነሣም፤ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ አያት።

ሦስት ደብዳቤ ጻፈላት። በ1978 ፈዲላ ሞተች፤ ደብዳቤውም በዚያው ዓመት ቀረ። «ተማርኮ ይሆናል» የሚሉ ነበሩ። ሊያገቧት የሚፈልጉ ሰዎች ሲጠይቁ የኑርሀያት መልስ አንድ ነው፦ «ሞቷል ያለኝ ሰው የለም።»

በ1981 ክረምት አንድ እጅጌው ባዶ የሆነ ሰው በኑርዬ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ቆሞ የኢስሃቅን ሚስት ጠየቀ። ታረቀኝ ይባላል፤ የውጫሌ ሰው ነው። ኑርሀያት ከጓዳ ወጣች። ፊቱን አይታ ሳይነግራት ገባት።

«መቼ?» አለች።

«አምና በመጋቢት። አፍዓበት ላይ።» ታረቀኝ አንገቱን ደፋ። «የቀበርኩት እኔ ነኝ። ይህ እጄም የሄደው ከዚያ በኋላ በዚያው ውጊያ ነበር። የሚያሰግድበት ሰው አልተገኘም፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ስንት ቀብር ወርጃለሁ። ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርኩለት። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም፣ እህቴ። አፉ በይኝ።»

ኑርሀያት የቀረውን አንድ እጁን ያዘችና ግንባሯን አስደግፋበት ረጅም ጊዜ ቆየች።

ከሰዓት በኋላ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ ሄደች። አዛውንቱ ቀስ ብለው ነገሯት።

«ልጄ፣ የባል ዒዳ፣ ሚስት በሐዘን የምትቀመጥበት ጊዜ፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ከሞተበት ቀን ነው። ያንቺ ሳታውቂው አልቋል። ከእንግዲህ ምንም አይጠበቅብሽም፤ ነፃ ነሽ።»

«ስምንት ቀን ብቻ ነው ሚስቱ የሆንኩት፣ ሼሃችን» አለች። «ሸሪዓው ባይጠይቀኝም ልቀመጥለት። እሱ እኔን አንድ ዓመት ጠብቆኛል።»

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት።

ኑርሀያት ቤቷ ገብታ ጉትቻዋን አወለቀች፣ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። ወሬው ተሰምቶ የሰፈሩ ሴቶች፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መምጣት ጀመሩ። እስከዚያ ቀን ሁሉም የሚያውቋት የኑርዬ ልጅ ተብላ ነበር። ያን ዕለት ግን ከበር የገባችው ሴት ሁሉ፣ «የኢስሃቅ ሚስት፣ አላህ ያጽናሽ» አለቻት።