ፊቱ የጠፋው የየኔታ ስልክ

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያነቡ «አትጠገብ? ያቺ ዝምተኛዋ? እሷ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አታወራም» ማለታቸው አይቀርም፣ እውነታቸውን ነው፣ እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በትሕትና አዳምጬ በልቤ «ነፋስ ይሆናል፣ ድመት ትሆናለች» እያልኩ የማልፍ ሰው ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ነገር ከሆነ የሆነበት ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ካልታየሽ አልፈለግሽውም ማለት ነው እያለ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ እባካችሁ ታገሡኝ። ይህን ለማንም ሳልናገር ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ በሌሊት ነው፣ የእኔው ግን የደረሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ፣ በሐምሌ የገበያ ቀን ነው።

ሱቋ የእንግዳው ናት፣ እንግዳው ስሙ ነው። እንግዳው ስልክ ጠጋኝ ነው፣ ስክሪን ይቀይራል፣ የቻርጀር ቀዳዳ ይበይዳል፣ አፉ ግን ከእጁም ይፈጥናል፤ እኔ ደግሞ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ እስካገኝ ብዬ ከጎኑ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጬ የሶፍትዌሩን እሠራለሁ። ሰው ሲገባ እሱ ያወራል፣ እኔ አቀርቅሬ እሠራለሁ፣ ለሁለታችንም ተስማምቶናል።

ያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በላስቲክ ጫማ ጭቃ እየረገጡ ገቡ። እማሆይ ይታይሽ ይባላሉ፣ የመጡት ከቤተ ልሔም ነው፣ ባላቸው እዚያ ድጓ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ነው ቆብ የደፉት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው፣ በዚያች ደቂቃ ያየሁት ከጉያቸው አንድ ጥቅልል አውጥተው መጀመሪያ የነጠላ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ፌስታል፣ ቀጥሎ ሌላ ፌስታል ሲፈቱ ነው። ከውስጡ ስልክ ወጣ።

«ማነው ባለሙያው?» አሉ።

«እኔ ነኝ እማሆይ» አለ እንግዳው። «እሷ ደግሞ ዶክተሯ ናት፣ ግን አትናገርም።»

«ካልተናገረች በሽተኛውን በምኗ ትጠይቀዋለች?»

እንግዳው ሳቀ፣ እኔ ፊቴ ጋለ፣ ስልኩን ተቀበልኳቸው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ መሐሉ ላይ ብቻ ትንሽ ነጭ ሣጥን አለች፣ «ሲስተም ዩአይ መሥራት አቁሟል» የሚል ጽሑፍ ይዛ፣ ዝጋ ስትሏት ትጠፋና ትንፋሽ ሳትወስዱ ተመልሳ ትመጣለች። ከላይ ሰዓት የለም፣ የባትሪ ምልክት የለም፣ ከታች የመመለሻው ቁልፍ የለም።

«ምን ይላል?» አሉ እማሆይ።

እንግዳው አፉ ውስጥ ቡሎን ይዞ ስለነበር መመለስ የእኔ ድርሻ ሆነ። ለእናንተም ያኔ ለሳቸው እንዳልኩት ብነግራችሁ ይሻላል፣ ሲስተም ዩአይ ማለት እንደ ካሜራው፣ እንደ ካልኩሌተሩ የምትከፍቱት ፕሮግራም አይደለም፣ ስልኩ በበራ ቁጥር ሳትጠሩት የሚቆም ነው፣ ከላይ ሰዓቱን የሚጽፍ፣ መልእክት ሲመጣ የሚያሳይ፣ በጣታችሁ ወደ ታች ስትስቡ እንደ መጋረጃ የሚወርደውን የሚያወርድ፣ ስትቆልፉት ቀጭ የሚል፣ ይህ ሁሉ የእሱ ሥራ ነው። እሱ ሲቆም ስልኩ የሞተ ይመስላል።

«የስልኩ ፊት ማለት ነው እማሆይ» አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም በቅጡ ሳይሰማኝ።

«ታዲያ ሞቷል?»

«አልሞተም። ውስጡ ደህና ነው፣ ይሰማል፣ ያስቀመጡበትን ሁሉ ያስታውሳል። ፊቱን ማሳየት ነው ያቃተው።»

እማሆይ ወደ ዝናቡ አዩ። «እህ» አሉ በኋላ። «እንዲያ ከሆነስ ደግ ነው።»

«ውሃ ነክቶት ነበር?» አለ እንግዳው ቡሎኑን ተፍቶ።

«ውሃስ አልነካውም።» ፌስታላቸውን አጣጠፉ። «መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጊዜ ጸበል ረጨሁበት።»

«እማሆይ! ጸበልም እኮ ውሃ ነው!»

«አንተ ነህ ውሃ!»

«ክፉ መንፈስ በስልክ ይገባል እንዴ?»

«በስልክ የማይገባ ምን አለ ብለህ ነው?» አሉት፣ በዚህስ እኔም ሳቅሁ።

ሳቁ ሲበርድ ነው ነገሩን የነገሩን። የኔታ ሊያርፉ ሲሉ፣ መነሣት ካቃታቸው በኋላ፣ ተማሪዎቹን በአልጋቸው ዙሪያ እያስቀመጡ ቀለም ሲነግሩ እማሆይ ስልኩን ትራሱ ሥር እያደረጉ ይቀዱ ነበር፣ አሥራ ስድስት ቀን ቀድተዋል፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን የኔታ አልነቁም። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ሁሉ ተበትኗል። ሙት ዓመታቸው አሥር ቀን ቀርቶታል፣ ተማሪዎቹም ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከየሄዱበት ሊመጡ ነው፣ «ድምፃቸውን አሰማችኋለሁ» ብለው ቃል ገብተውላቸዋል። ሌላ ቦታ የተቀዳ የለም። ሜሞሪ ካርድም የለውም። ያለው በዚያ ጥቁር ስልክ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው።

በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ ስልኩን አወቀው፣ ስሙንም ጻፈ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው የሚለው፣ ለምን መሰላችሁ፣ ስልክ ገመድ ሲሰካበት መጀመሪያ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፣ ፋይል እንዲሰጣችሁ ከፈለጋችሁ ያን መጋረጃ ከላይ ስባችሁ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን መንካት አለባችሁ፣ መጋረጃውን የሚያወርደው ደግሞ ያው የቆመው ሲስተም ዩአይ ነው። ቤቱ ሙሉ ነው፣ በሩ ግን ከውስጥ ነው የሚከፈተው።

«ሪሴት አድርጊውና ስጪያቸው» አለ እንግዳው።

«ሁሉን ይሰርዘዋል እኮ» አልኩት በሹክሹክታ።

«ከዚያ በኋላ በፕሮግራም እናወጣዋለን። እማሆይ፣ አይስጉ፣ ይመለሳል።»

«ይመለሳል ካላችሁ እሺ» አሉ፣ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እየጨመቁ።

አይመለስም። እኔ አውቀዋለሁ፣ በዚህ ዓይነት ስልክ አንዴ ከተሰረዘ ተሰረዘ ነው። ግን እንግዳው ለደንበኛ ቃል ሰጥቷል፣ ሱቁ የሱ ነው፣ በሰው ፊት «ተሳስተሃል» ማለት ደግሞ ለእኔ ከተራራ ላይ የመዝለል ያህል ነው፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ስልኩን አጥፍቼ የድምፁንና የማብሪያውን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ ጠጋኞች ብቻ የምንገባበትን ጥቁር ዝርዝር ከፈትሁ። እዚያ በጣት መንካት የለም፣ በድምፅ ቁልፉ መስመር በመስመር ትወርዳላችሁ፣ በማብሪያው ታጸድቃላችሁ። መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ የሚያጠፋውን ሞከርሁ፣ ምንም አልሰራም። ቀጥሎ ሁሉን የሚሰርዘው ላይ ወረድሁ።

ጧ።

አንድ ጊዜ። እንጨት ድንጋይ ሲመታ ያለው ድምፅ፣ ደረቅ፣ ከዝናቡ ሁሉ ሥር። እንግዳው መስሎኝ ቀና አላልኩም። ስክሪኑን ሳይ ግን ምልክቱ ከመሰረዣው መስመር ተነሥቶ ከሁሉ በላይ ያለው፣ ስልኩን መልሶ የሚያስነሣው መስመር ላይ ቆሟል። ነካሁት ይሆናል አልኩ። እንደገና ወረድሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬ፣ ጣቴን አንሥቼ።

ጧ። ምልክቱ ወደ ላይ ተመለሰ።

«እንግዳው፣ ጠረጴዛውን አትምታ» አልኩ።

«እኔ ምን መታሁ?» ሁለት እጁ ሌላ ስልክ ሆድ ውስጥ ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ወረድሁ። ሦስተኛ ጊዜ ጧ አለ፣ በዚህ ጊዜ ግን እማሆይ ነጠላቸውን መጭመቅ አቆሙ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አልነበረም። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ከሩቅ መንገድ የሚመጣ ሰው ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ነበር።

«ተሳስተሻል ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «ተመለሺ።»

«ምን አሉ እማሆይ?»

«የኔታ ተማሪ ሲስት አይቆጡም ነበር። በመቋሚያቸው ድንጋይ አንዴ ይመታሉ፣ ደጅ ሳሉ የደጁን፣ ከተኙ ወዲህ ከአልጋቸው ሥር ያስገባንላቸውን። ተማሪው ቃሉን ሳይጨርስ ትቶ ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሣል። ተመለሺ።»

እንግዳው ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው፣ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፣ አልቀለደም። «አትጠገብ፣ ዝም ብለሽ ሰርዢውና…»

«አልሰርዝም!» አልኩ።

እመኑኝ፣ በዚያች ሱቅ እንደዚያ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም። «ከተሰረዘ አይመለስም እንግዳው። አንተም ታውቀዋለህ። እማሆይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።»

እኔም ከላይ ያለውን መስመር አጸድቄ ስልኩን አስነሣሁት፣ ያው ጥቁር፣ ያቺው ነጭ ሣጥን። ገመዱን ሰካሁ። ሌላ የምሞክረው ነገር አልነበረኝም፣ እጄን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ጧ፣ ጧ።

«ሁለት ከሆነ ደግ ነው» አሉ እማሆይ። «ቀጥል ማለት ነው።»

በዚህ ጊዜ ነው ከስክሪኑ አናት መጋረጃው የወረደው። ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ፣ እጃቸው የሚከብዳቸው ሽማግሌ እንደሚስቡት። ሰዓት የለበትም፣ ባትሪ የለበትም፣ አንድ መስመር ብቻ፣ «ፋይል ማስተላለፍ»። ነጭ ሣጥኗም ከኋላው እንዳለች ናት፣ ሲስተም ዩአይ መሥራት አቁሟል እያለች፣ ማለትም መጋረጃውን የሚያወርደው ቆሟል እያለች መጋረጃው ወርዷል። ስሕተቱን ፈልጉልኝ፣ እኔ ስፈልግ ቆይቻለሁ፣ እርጥበት ስክሪኑን ነክቶት ነው ልበል፣ ጸበሉ ቁልፎቹን አጣብቋቸው ነው ልበል፣ ብዬም ነበር፣ ግን እርጥበት የሚነበብ መስመር መርጦ አይጫንም።

ነካሁት። ፋይሎቹ ወደ ኮምፒውተሩ ገቡ። እንዳለቁ መጋረጃው ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ገመዱን ነቀልሁ፣ ስልኩ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ፊቱን አላሳየም።

በሜሞሪ ካርድ ገልብጬ በሌላ ስልክ ጥቂት ከፈትሁላቸው። የደከመ ድምፅ ነው፣ ግን ዜማው አልደከመም፣ አንድ ወጣት ይቀበላል፣ ይስታል፣ ጧ ይላል፣ ወጣቱ ይመለሳል። ያው ድምፅ ነበር። እማሆይ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሰሙ። ሲወጡ ራሴን ዳብሰው «ድምፅሽ ደግ ነው፣ አትደብቂው» አሉኝ። የሞተውን ስልክ «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው ተዉልኝ። እንግዳው ስንዘጋ ቁልፉን እያዞረ «ነገ ሻይ በእኔ ነው» አለ፣ እሱ ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ።

ማታ ቤት ገብቼ ራቴን ከበላሁ በኋላ ሁሉም በትክክል መገልበጡን ላረጋግጥ ቆጠርኳቸው። አሥራ ሰባት ናቸው። እማሆይ ያሉት አሥራ ስድስት ነበር። አሥራ ሰባተኛው የዚያኑ ዕለት ቀን ይዟል። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከፈትሁት፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ «ማነው ባለሙያው?»፣ የእንግዳው ሳቅ፣ ከሁሉም ጠርቶ የሚሰማው ደግሞ «አልሰርዝም» ያልኩበት። ምናልባት መቅጃው ሳይጠፋ ቀርቶ ነው አልኩ፣ ይሆናል፣ ምክንያት አለው። ግን ወደ ፊት እየዘለልኩ ስሰማው ቀጠለ። የእማሆይ ምርቃት፣ የላስቲክ ጫማቸው በጭቃው ላይ፣ የእንግዳው «ነገ ሻይ በእኔ ነው»፣ ቁልፉ ሲዞር። እነዚህ ሁሉ የሆኑት ገመዱን ከነቀልሁ በኋላ ነው። ፋይሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲገባ ገና አልሆኑም ነበር።

ከዚያ የእኔ ኮቴ ወደ ቤት ሲመጣ ይሰማል። ብቻዬን ነበር የመጣሁት። በፋይሉ ውስጥ ግን ከኮቴዬ ጎን፣ ከእኔ እኩል፣ ሳይቸኩል፣ መሬቱን ቀስ እያለ የሚነካ እንጨት አለ።

ማዳመጫውን አወለቅሁ። ፋይሉ ገና የሁለት ሰዓት ቀረጻ ይቀረው ነበር።

ለሙት ዓመቱ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ሰምተዋል፣ አንዱ ቀረጻው ውስጥ ጧ ሲል የሳተው እሱ መስሎት ከአግዳሚው ተነሥቶ ቆመ አሉ። እማሆይ ይህን ሊነግሩኝ በሌላ የገበያ ቀን መጡ፣ የሰጠኋቸው ካርድ ላይ አሥራ ሰባተኛውም አለ፣ እንግዳው ውጪ ሲወጣ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«እማሆይ፣ የመጨረሻውን እስከ መጨረሻው ሰምተውታል?»

«ሰማሁት እንጂ።»

«መጨረሻው ላይ ምን አለ?»

ሳቁ፣ ጉንጬን ነኩኝ። «ተማሪ ያልደረሰበትን አይጠይቅም። ስትደርሺበት ትሰሚዋለሽ።»

ስልኩ አሁንም ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ባትሪውን አውጥቼዋለሁ። ይህን ስጽፍላችሁ ትንሽ ለማሳመር ብዬ የኔታ በስሜ የጠሩኝ አስመስዬ አንድ መስመር ጨምሬ ነበር፣ ገና ነጥቡን ሳላስቀምጥ መሳቢያው ውስጥ አንዴ ጧ አለ። መስመሩን አጥፍቼ ከመጀመሪያው ተነሣሁ።

አሁን ጨርሻለሁ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለቱን እየጠበቅሁ ነው።