ሳሚ ወፍሯል

ምሕረት አውራ ጣቷን ከሕፃኑ እግር ላይ አነሳች። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ግን አልተመለሰም። ጭቃ ላይ እንደተጫኑት ጎድጉዶ ቀረ።

«ምነው?» አለች ፀሐይ በሩን ተደግፋ እንደቆመች።

«ቆይ አንዴ።» ምሕረት ሌላኛውን እግር ያዘች። በልቧ እስከ ሦስት ቆጥራ ለቀቀችው። እሱም ጎደጎደ።

የፀሐይ ታናሽ ወንድም ሳሙኤል ሦስት ዓመቱ ነው። በጥር ወር ምሕረት ወደዚህ ግቢ ስትገባ እየሮጠ መጥቶ ቀሚሷ ላይ ይንጠለጠል ነበር። አሁን ሰሌኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ጉንጮቹ ሞልተዋል፤ የእግሩ ቆዳ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ዝንብ ከንፈሩ ላይ አርፋ ወዲያ ወዲህ ስትል እጁን አላነሳም።

«ጎረቤት ሁሉ ሳሚ ወፍሯል ነው የሚለው» አለች ፀሐይ። የምትለውን ራሷም ያመነችበት አትመስልም።

«ውፍረት አይደለም። ውሃ ነው የቋጠረው።»

ጊዜው የ2000 ዓ.ም. ግንቦት ነው። በልጉ ዘግይቶ ቢዘንብም የቱላ ዙሪያ ለምልሟል፤ ከሐዋሳ በመኪና ለሚያልፍ ሰው እዚህ ረሃብ አለ ቢሉት አያምንም። በቆሎው ግን ገና ከጉልበት አላለፈም፣ የከረመው እህልም አልቋል። በየቤቱ የቀረው ከእንሰት የሚዘጋጀው ዋሳ ብቻ ነው። ዋሳ ሆድ ይሞላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሸዋዬ ግን «ሆድ መሙላትና መመገብ ለየቅል ናቸው» ትላለች። ሕፃን ባቄላ ይፈልጋል፣ ወተት ይፈልጋል፣ እንቁላል ይፈልጋል።

ስለዚህ ነበር የትምህርት ቤቱን የጤና ክበብ ልጆች ባለሦስት ቀለም የክንድ መለኪያ አስይዛ በየሰፈራቸው የላከቻቸው። አረንጓዴ ደህና ነው፤ ቢጫ ያሰጋል፤ ቀይ አደጋ ነው። የሳሙኤል ክንድ አረንጓዴ ላይ ነበር ያረፈው።

«አረንጓዴ ነው» አለች ፀሐይ። «ራስሽ ነሽ የለካሽው።»

«እግሩ ካበጠ ክንዱ አይቆጠርም። እትዬ ሸዋዬ ምን አለችን? ሁለቱም እግር ካበጠ በዚያው ቀን ጥሩኝ አላለችም?»

«አታካብጂ ባክሽ!» ፀሐይ በሩን ገርበብ አድርጋ ተጠጋቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ሆስፒታል ከገባ እማዬ አብራው ነው የምትተኛው። ሦስት ሳምንትም፣ ወርም ሊሆን ይችላል። አባዬ ሥራ ፍለጋ ይርጋለም ነው። ቤቱን ማን ይጠብቃል? ፍየሎቹን ማን ያያል? እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከተማ የሩጫ ውድድር አለኝ። ሚኒስትሪ አሥር ቀን ነው የቀረው። የአክስቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ላይ ‹ለአንድ ወር ብቻ› ብለው ቤት አስቀሯት። አሁን የት ናት?»

ምሕረት ታውቃለች። ልጅቷ አግብታለች።

«እስከ ሰኞ ብቻ» አለች ፀሐይ። «ውድድሩ ይለፍልኝ። ሰኞ እኔው ራሴ ለእማዬ እነግራታለሁ። እማዬ ትሙት።»

ምሕረት ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «የክንድ ልኬት» በሚለው ሥር አረንጓዴ ብላ ጻፈች። ቀጥሎ «የእግር እብጠት» የሚል አለ። እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «የለም» ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ዓርብ ጠዋት የክበቡ ልጆች እንደ ልማዳቸው ከትምህርት ቤቱ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ ሮጡ። ሩጫውን የጀመረው የስፖርት መምህሩ ወልደጻድቅ ነው። «መብላትና መሮጥ አንድ ትምህርት ነው» ይላል። ፀሐይ ሁሉንም ጥላ ቀድማ ደረሰች፤ እስትንፋሷ እንኳ አልተቆራረጠም።

«አያችሁ?» አለ መምህሩ እያጨበጨበ። «እንቁላል የበላ እግር እንዲህ ነው!»

ሁሉም ሳቁ። ፀሐይ አልሳቀችም። ወደ ባሕር ዛፉ ጀርባ ዞር ስትል ምሕረት ተከተለቻት። ተቀምጣ ሣር ትነጫለች።

«እንቁላሉን የምበላው እኔ ነኝ» አለች ቀና ሳትል።

«ምን?»

«ቲቸር እማዬን ጠርቶ ልጅሽ ተሰጥኦ አላት፣ መግቢያት ብሎ ነገራት። ከዶሮዎቻችን የምትጥለው አንዷ ብቻ ናት። ድሮ እንቁላሉ የሳሚ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ሆነ። እሱ እያየኝ ነው የምበላው። መጀመሪያ አካባቢ ያለቅስ ነበር።» የነጨችውን ሣር በተነችው። «አሁን አያለቅስም።»

ምሕረት አጠገቧ ቁጭ አለች። ጓደኛዋን ስታያት የሁለት ዓመቷን የሩጫ ጓደኛ አልመሰለቻትም፤ የሆነ ከባድ ነገር ተሸክማ የምትሮጥ ሰው መሰለቻት። «ዛሬ እንንገራቸው» ልትል አፏን ስትከፍት ፀሐይ ተነሥታ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ምሕረት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የፀሐይን እናት እትዬ ሙሉጌጥን መንገድ ላይ አገኘቻቸው። አንድ እስር ጎመን ይዘው ወደ እነ ምሕረት ቤት እየሄዱ ነበር። አማርኛቸው ከሲዳምኛ ጋር እየተቀላቀለ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ምሕረት፣ ልጄ፣ ተባረኪ» አሉ ትከሻዋን ይዘው። «ፀሐይ ነገረችኝ። ምሕረት ለካችው፣ ደህና ነው አለች አለችኝ። እኔ ልቤ ፈርቶ ነበር። ዛሬ ሸዋዬ ጋ ልወስደው ነበር፤ ተውኩት። አንቺ ተምረሻል፣ ታውቂያለሽ። ይኼን ለእናትሽ ስጪልኝ።»

ምሕረት እጇን አልዘረጋችም። ፀሐይ ዝም እንድትል ብቻ የጠየቀቻት መስሏት ነበር። በእሷ ስም ደህና ነው ትላለች ብላ አላሰበችም።

«ጠዋት ግን አፉን አልከፍት አለኝ» ቀጠሉ እትዬ ሙሉጌጥ። «ውሃም አልወሰደም። ጥጋብ ነው አይደል?» ወደ መንገዱ ማዶ፣ ወደ እንሰቱ አጥር ተመለከቱ። ባለፈው ሳምንት እዚያ ቤት የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። «የነዚያም ልጅ ወፍሮ ነበር ይላሉ። ያ ግን ሌላ በሽታ ነው። አይደል?»

ምሕረት «አዎ» ብትል ሴትዮዋ ተረጋግተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ፀሐይም ነገ ትሮጣለች። ዓይናቸው ፊቷ ላይ እንደተተከለ ነው፤ ይጠብቃሉ።

«እትዬ» አለች። «ያው በሽታ ነው። ደህና ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደህና አይደለም። እግሩን ስጫነው ጎድጉዶ ነው የቀረው።»

ጎመኑ ከእጃቸው ወደቀ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ቋጥረው ወደ ቤታቸው መሮጥ ጀመሩ። ምሕረት ደግሞ ወደ ጤና ኬላው ሮጠች።

ሸዋዬ ደርሳ የሳሙኤልን እግር ተጫነች። ከዚያ ቅልጥሙን፣ ከዚያ እጁን። የተጫነችው ሁሉ ጎደጎደ። ግንባሩን ዳስሳ ነጠላዋን ደረበችለት፤ ሰውነቱ ቀዝቅዟል።

«መቼ ነው ያየሽው?» ብላ ምሕረትን ጠየቀቻት።

«ትናንት።»

ሸዋዬ ባጃጅ እንዲጠራ ሰው ላከች። ብትቆጣት ይሻል ነበር።

ባጃጁ ግቢው በር ላይ ሲቆም ፀሐይ ከጓዳ ወጣች። የነገውን ጫማ እያጠበች ስለነበር እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። እናቷ ሕፃኑን አቅፈው ሲገቡ፣ ሸዋዬ አጠገባቸው ስትቀመጥ ቆማ አየች። ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ ወደ ሐዋሳ ከታጠፈ በኋላ ነው ወደ ምሕረት የዞረችው።

«እስከ ሰኞ እሺ ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ።»

ቅዳሜ ውድድሩ ያለ ፀሐይ ተካሄደ። ሰኞ ምሕረት ጤና ኬላ ሄዳ ቅጹን እንድትመልስላት ሸዋዬን ለመነች። «የለም» ያለችውን ሰርዛ «ሁለቱም እግር» ብላ ጻፈች፤ ሥሩ ፈረመችበት።

«እንዴት ሆነ?» አለች ከዚያ።

«በአፍንጫው በቀጭን ቱቦ ወተት እየሰጡት ነው፤ ትንሽ ትንሽ» አለች ሸዋዬ። «እብጠቱ ገና አልጎደለም። ሐኪሙ ይህን ሳምንት ካለፈ ይተርፋል ነው ያለው።»

«ካላለፈስ?»

ሸዋዬ ቅጹን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ያን ዕለት ምሽት ምሕረት ሁሉንም ለአባቷ ነገረቻቸው። አባቷ እዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራሉ። ያሰበችውን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «ፈተናው የአንቺም ነው» አሉ። እሷም እንደምታውቅ ነገረቻቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት እነ ፀሐይ ግቢ ደረሰች። ፀሐይ ሦስቱን ፍየሎች በገመድ ይዛ ልትወጣ ነበር። ዩኒፎርም አልለበሰችም። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ገመዱን ስጪኝ» አለች ምሕረት። «ዛሬ የሒሳብ ክለሳ አለ። ክፍል ግቢ።»

«አንቺስ?»

«ነገ እገባለሁ። አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ። ማታ ደብተር እንቀያየራለን። እናትሽ እስኪመለሱ።»

ፀሐይ ገመዱን አጥብቃ ያዘች። ፍየሎቹ ወደ ሣሩ እየሳቧት ነው። ከርቀት የመጀመሪያው ደወል ተሰማ።

«አልታረቅሁሽም እኮ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሳሚ አንድ ነገር ከሆነ...» አልጨረሰችውም። ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ሁለቱም አልተናገሩም።

ፀሐይ ገመዱን አጥሩ ላይ አስራ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ ይዛ ነበር። ገመዱን ፈትታ፣ የምሕረትን ፊት ሳታይ፣ እጇ ላይ አኖረችው።

«ጥቁሯ ትዋጋለች» አለች። «ከፊቷ አትቁሚ።»

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ መሮጥ ጀመረች። ምሕረት ገመዱን እጇ ላይ አንዴ ጠምጥማ ፍየሎቹን ወደ ሜዳው ነዳች።