በዕጣው ቁና ያለችው ብዕር

ዓለሚቱ ከጋፋት ተነሥታ ጉና ሥር ወዳለችው መንደር የገባችው ጣሊያን ቤታቸውን ካቃጠለ በኋላ ነው። አንዲት ባልቴት ለእግዜር ብላ አስጠጋቻት። በአገሩ የሥጋ ዘመድ አልነበራትም። ፍቅር ግን ነበራት፤ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከዲያቆን ቀለመወርቅ ጋር ያገናኛት ዝናብ ነው። በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድባት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ሮጠች፤ እሱ እዚያ ተቀምጦ የመቃ ብዕር ይቀርጽ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ብዙ አላወሩም። ሲያባራ ግን ለመነሣት የቸኮለ አልነበረም።

«ያን ዕለት ባይዘንብ እኮ ሌላ ሴት ትወድ ነበር» አለችው አንድ ቀን።

«በአጋጣሚ የሚሆን ነገር የለም። ዝናብም አዛዥ አለው።»

«እንግዲያ የወደድኸኝ ታዝዘህ ነው።»

ሳቀ። «አስቤ ነው የወደድኩሽ። ሐሳብ እረኛ ነው፤ ስሜት ከብት ነው።»

«እኔ ያየሁት እረኛ ሁሉ ከብቱ ወደ ሄደበት ሲሮጥ ነው» አለችና ብዕሩን ከእጁ ነጠቀችው። ጫፉ ላይ ጥርሱ ያረፈበት ምልክት ነበር። ጣቷ ያን ምልክት ለመደው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገባላት።

በሁዳዴ፣ ከመንደሩ በታች የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ። ከደብረ ታቦር የመጣ ባንዳ የጣሊያኑን ሹም ቃል ተናገረ፦ እስከ ነገ ቀትር አንድ ሰው ለስቅላት ካልተሰጠ መንደሩ ይቃጠላል።

ሽማግሌዎቹ ዕጣ ይሁን አሉ። ሥጋ ሲካፈሉ፣ መሬት ሲደለድሉ እንደሚያደርጉት እያንዳንዱ ወንድ አንዳች ነገር ቁና ውስጥ ይጥላል፤ የማን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አንዱን ያወጣል፤ የወጣበት ለስቅላት ይሰጣል።

«ዓለሚቱ ታውጣ» አሉ የደብሩ ቄስ አባ ገብረሥላሴ። «ባዕድ ናት። ለማንም አታደላም።»

«እኔን ይተዉኝ፣ አባ።»

«የሚፈለገው እጅሽ ብቻ ነው፣ ልጄ። የሚመርጠው እግዚአብሔር ነው።»

ሰው መርጦ መስጠት አሳፍሯቸዋል፤ ዕጣ ግን አያሳፍርም። ባለ ጢሙ ሁሉ ኃጢአቱን ለአንዲት ስደተኛ እጅ አስያዘ።

በማግስቱ ጠዋት ቁናው በኩታ ተሸፍኖ ቀረበላት። እጇን ሰደደች። ጠጠር፣ ከሰል፣ ቀንድ፣ እንጨት። ከዚያ መቃ። የጥርሱን ምልክት ጣቷ አወቀው። እሷ ሳታስብ እጇ ብዕሩን ወደ ጥግ ገፋው። ሐሳቧ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከቀረው የማንም ይሁን አለች። ያ ማንም የሰው ባል፣ የሰው ልጅ መሆኑን እያወቀች የቀንዱን ቁራጭ አወጣች።

«የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ቀለመወርቅ።

የብዙ ልጆች አባት የሆነው ጌጡ መሬት ላይ ዘፍ አለ። «ቀንዱ የኔ ነበር። ማለዳ በብዕሬ እንለዋወጥ አለኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

እጁን ሲያስሩት ዓለሚቱ ውሃ ይዛ ቀረበች። ማንም አልከለከላትም።

«ብዕሩን እንደምገፋው አውቀህ ነበር።»

«አውቄ ነበር። ጌጡ ልጆች አሉት።»

«እኔስ?»

ውሃውን ጠጣና ቀና ብሎ አያት።

«ቀንዱ ግን በዕጣ ነው የወጣው። አንቺ አልመረጥሽኝም።»

«በአጋጣሚ የሚሆን ነገር የለም ብለኸኝ ነበር።»

«ዛሬ ይኑር» አላት።

ሰቀሉት። አባ ገብረሥላሴ ሊያጽናኗት መጥተው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ሲሉ፣ «የሰቀለው ሹሙ ነው፤ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔርን ከዚህ ያውጡት» አለቻቸው። ክረምቱ ሳይወጣ ጣሊያን መንደሩን አቃጠለው።

ከዚያ ወዲህ ዓለሚቱ ዝናብ ሲመጣ አትሮጥም። ጥላ ያለው ቦታ አጠገቧ እያለ ቆማ ትበሰብሳለች።