ፖሊስ የቆመበት ሱቅ

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር! በሕይወት አሉ እኮ፤ እያንኳኩ ነው!»

ሌሊሴ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ፖሊሱ ፊት ቆማለች። ሌሊት የወረደው ጎርፍ የወንዙን ዳር ግንብ የጎረቤቷ የእትዬ ዋጋነሽ ቤት ላይ ጥሎታል፤ እሳቸውም ከሥሩ ናቸው። የሰፈሩ ሰው በዶማም በእጁም ቢታገል ግንቡ አልነቃነቅ ብሏል። የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል፤ በአካባቢው ያለው መኪና ደግሞ የፖሊሶቹ ፒክአፕ ብቻ ነው።

ፒክአፑ የቆመው የጓደኛዋ የሆሳዕና አባት ቴሌቪዥን መሸጫ ሱቅ በር ላይ ነው። የሱቁን በር ጎርፍ ገንጥሎታል። ጎረቤት ያሉትን ሱቆች ዘራፊዎች ገና ሳይነጋ ሙልጭ አድርገዋቸዋል።

«ለእሳት አደጋ ተነግሯል» አለ ፖሊሱ።

«እነሱማ መንገድ ተዘግቶባቸው አየር ጤና ሰፈር ቆመዋል!»

«ከሱቁ እንዳትነሱ ተብለናል። ትእዛዝ ነው፣ እህቴ።»

ደሟ ፈላ። ሰው እየሞተ ለቴሌቪዥን ዘብ ይቆማል? ከውስጥ ሆሳዕና ብቻዋን ጭቃ ትጠርጋለች። አባቷ ዕቃውን የሚያሸሽበት መኪና ፍለጋ ሄዷል።

ሌሊሴ ወደ ግንቡ ስትመለስ ኳኳታው ደክሟል። ከንጋት ጀምሮ ሰፈሩ ኡኡ ሲል ውሏል፤ ፖሊሶቹን የሚያስሮጣቸው ግን ሌላ ቃል እንደሆነ ገብቷታል። አፏን ከፈተች። ሆሳዕና ፊቷ ላይ ድቅን አለችባትና መልሳ ዘጋችው። ኳኳታው ሲቆም ግን መቻል አቃታት።

«ሌባ! ሌባ! ያዙት!»

ፒክአፑ ጭቃውን እየረጨ ደረሰ። ሦስቱም ፖሊሶች ዘለው ወረዱ።

«የታለ ሌባው?»

ሰዉ ወደ ግንቡ ጠቆመ። ፖሊሱ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ከግንቡ ሥር የወጣውን የነጠላ ጫፍ አየና ከፒክአፑ ላይ የመጎተቻ ገመድ ፈታ።

ግንቡ ሲጎተት እትዬ ዋጋነሽ ያንኳኩበትን ድስት እንደጨበጡ ተገኙ። ፖሊሱ አንገታቸውን ዳሰሰ። «ገና ይሞቃሉ» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን፣ አሁን ነው ያለፉት።»

ሌሊሴ አፏን መልሳ የዘጋችባትን ያቺን ቅጽበት አሰበች።

ከላይ፣ ከሱቁ በኩል፣ የሆሳዕና ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ሮጠው ሲደርሱ ሱቁ ተዘርፎ ባዶ ነው። ሆሳዕና ደፉ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯ ይደማል።

«ማን ነው በውሸት የጠራቸው?» አለች እያለቀሰች።

የሰፈሩ ሰው መሬት መሬቱን አየ። ጎረቤታቸው ጋሽ ኪዳን የሌሊሴን ክንድ ያዙ። «ዝም በይ፣ ልጄ» አሏት በሹክሹክታ።

ሌሊሴ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሄዳ ከጓደኛዋ አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

«ሆስዬ፣ እኔ ነኝ» አለች።